ለስታቲስቲክስ ብሎ ካልኩለስ መማር፦ የቱን አጥብቆ፣ የቱን ዘሎ?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት በባዮሎጂ ነው። አሁን በስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር አስቤያለሁ። ችግሩ፣ ፕሮግራሙ ካልኩለስ 1፣ 2 እና 3 የወሰደ ሰው ነው የሚፈልገው። እኔ ካልኩለስ ከነካሁ ዓመታት አልፈዋል። ያኔም ቢሆን ፈተና ለማለፍ ያህል ነው የሸመደድኩት። መጽሐፉን ስከፍተው ከሺህ ገጽ በላይ ነው፤ ወኔዬ ይከዳኛል። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር መጨረስ አለብኝ? ለስታቲስቲክስ በእርግጥ የሚያስፈልገው የቱ ነው? ደግሞስ ሶፍትዌሩ ሁሉን እያሰላልን በእጅ መሥራት ምን ይጠቅማል? ቢመክሩኝ።»

መልስ፦ አጭሩን ልንገርሽ። ሁሉንም መጨረስ የለብሽም። ለስታቲስቲክስ አጥብቆ የሚፈለገው ክፍል፣ በእኔ ግምት፣ ከዚያ ወፍራም መጽሐፍ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ያ ክፍል ግን ለብ ለብ ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም፤ እጅሽ እስኪለምደው ድረስ መሠራት አለበት። ሌላው ነገር፣ «ካልኩለሱን ጨርሼ ስታቲስቲክሱን እጀምራለሁ» የሚል ሐሳብ ካለሽ ዛሬውኑ ተዪው። ለምን እንደሚያገለግል ሳይታወቅ የተማሩት ካልኩለስ ቶሎ ይተናል፤ ያንቺም የመጀመሪያ ዙር የጠፋው በዚሁ ነው። ፕሮባቢሊቲን (የዕድል ስሌትን) ጎን ለጎን ብታስኬጂ፣ ዛሬ የተማርሽው ኢንቴግራል (በኩርባ ሥር ያለን ስፋት ማስላት) ነገ ሥራ ያገኛል።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ አልጄብራ። ተማሪ «ካልኩለስ ከበደኝ» ሲለኝ ደብተሩን አስከፍተዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዴሪቬቲቩ (ኩርባው በአንድ ነጥብ ላይ የሚለወጥበት ፍጥነት) በትክክል ተወስዷል። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው፦ ክፍልፋይ ሲቃለል፣ ኔጌቲቭ ፓወር ወደ ታች ሲወርድ፣ ሎጋሪዝም ሲበተን። ስሙ የሚጠፋው ካልኩለስ ነው፤ ጥፋተኛው ግን የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ያለ እፍረት እዚያ ላይ አጥፊ። ኤክስፖኔንሺያል፣ ሎጋሪዝም፣ የሲግማ ድምር ምልክት፣ እኩልታ መፍታት። ሳይን እና ኮሳይን ብዙም አያስፈልጉሽም።

ሎጋሪዝምን ለብቻው ላንሳው፤ ስታቲስቲክስ ውስጥ በየገጹ ነው የሚገጥምሽ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እርስ በርስ የማይነካኩ ብዙ ክስተቶች አንድ ላይ የመከሰታቸውን ዕድል ለማግኘት እናባዛለን። ዕድሎች ደግሞ ከ1 ያነሱ ቁጥሮች ናቸው፤ በተባዙ ቁጥር እየሟሟ ይሄዳሉ። እያንዳንዳቸው 0.1 የሆኑ 400 ቁጥሮችን በተራ ኮምፒውተር አባዢ፤ መልሱ ድርቅ ያለ 0 ነው የሚመጣው። ማሽኑ ያን ያህል ትንሽ ቁጥር መያዝ አይችልም። ሎጉን (እዚህ ሎግ ስል ሁሉ መሠረቱ ኢ፣ ማለትም 2.718 ገደማ የሆነውን ነው) ከወሰድሽ ግን ማባዛቱ መደመር ይሆናል፤ መልሱም −921 ገደማ ነው። ለማሽኑም ለሰውም የሚመች ቁጥር ነው። የብዜት ሎግ የሎጎች ድምር መሆኑን እንደ ስምሽ ማወቅ አለብሽ።

አሁን ወደ ዴሪቬቲቭ። አንድ መድኃኒት ለ10 ሰዎች ተሰጥቶ 7ቱ ዳኑ እንበል። የመዳን ዕድሉን ፒ ብለን እንጥራው። ፒ ስንት ይሆናል? «0.7 ነዋ!» ትያለሽ። ልክ ነሽ። ግን ለምን 0.7? ለምን 0.65 አይሆንም?

እንዲህ ነው የሚታሰበው። ፒ ይህን ያህል ነው ብለን ብንነሣ፣ ያየነውን ውጤት የማየት ዕድላችን ፒ⁷ × (1 − ፒ)³ ከሚለው ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። እስቲ ቁጥር እናስገባ። ፒ 0.5 ቢሆን 0.00098 ገደማ ይወጣል። 0.9 ቢሆን 0.00048። 0.7 ቢሆን 0.00222። ይህ ፈንክሽን ላይክሊሁድ ይባላል፤ ሥራችን ጫፉን መፈለግ ነው። ጫፍ ላይ ደግሞ ኩርባው ለአፍታ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ማለትም ዴሪቬቲቩ 0 ነው። ካልኩለስ 1 እዚህ ጋ ይገባል።

ብዜቱን እንዳለ ዴሪቬቲቭ መውሰድ ይቻላል፤ ግን ያዝጋል። ሎጉን እንውሰድ፦ 7 ሎግ ፒ + 3 ሎግ (1 − ፒ)። የሎግ ጫፍ ያለው ከዋናው ጫፍ ጋር አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሎግ ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ ፈንክሽን ስለሆነ። ዴሪቬቲቩ 7/ፒ − 3/(1 − ፒ) ይሆናል። ያቺ የመቀነስ ምልክት ከቼይን ሩል (በፈንክሽን ውስጥ ላለ ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ መውሰጃ ሕግ) የመጣች ናት። ሰው ሁሉ የሚረሳት እሷን ነው፤ እሷ ከተረሳች መልሱ ገደል ይገባል። ከ0 ጋር ስናስተካክለው 7(1 − ፒ) = 3ፒ፣ ስለዚህ 7 = 10ፒ። ፒ 0.7 ነው።

ለአንድ ግልጽ ለሆነ መልስ ይህ ሁሉ ድካም ምን አስፈለገ? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው፣ ዘዴው መልሱ ግልጽ ባልሆነበት ቦታም ያው ዘዴ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ «ማክሲመም ላይክሊሁድ» ብሎ ከሰየመው ወዲህ፣ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ውጤቱ አዎ ወይም አይ ለሆነ ጥያቄ የሚሠራ ሞዴል) በይው የሕይወት ቆይታ ሞዴል፣ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ምክንያት ሰዎች ዘለው የሚያልፉት፣ እኔ ግን አብዝቼ የምወደው ክፍል ነው፦ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ።

አንድ ጊዜ ደግመሽ ውሰጂው። −7/ፒ² − 3/(1 − ፒ)² ይመጣል። ፒ 0.7 ሲሆን −14.29 − 33.33 ነው፤ ድምሩ −47.62። ምልክቱ ኔጌቲቭ መሆኑ ያገኘነው ጫፍ ተራራ እንጂ ሸለቆ አለመሆኑን ይነግረናል፤ ይህን ካልኩለስ 1 ላይ ተምረሻል። እዚያ ያልነገሩሽ የቁጥሩን መጠን ነው። 1ን ለ47.62 ስታካፍዪ 0.021 ይመጣል። ስኩዌር ሩቱ 0.145 ነው። ይህ ቁጥር የግምትሽ ስታንዳርድ ኤረር ነው፤ ግምትሽ ምን ያህል ወዲያ ወዲህ ሊል እንደሚችል መለኪያው! በመግቢያ ኮርስ ላይ የምታውቂው ፒ(1 − ፒ)/ኤን የሚለው ፎርሙላም (ኤን የሰዎቹ ብዛት ነው) 0.7 × 0.3 ÷ 10 ብሎ ያንኑ 0.021 ነው የሚሰጥሽ። በ10 ሰው ፋንታ 100 ሰው ቢሆን፣ 70ው ቢድኑ፣ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ −476.2 ይሆናል፤ ስታንዳርድ ኤረሩ ወደ 0.046 ይወርዳል። ኩርባው ጫፉ ላይ በጣም ከጎበጠ፣ ዳታው ስለ ፒ አጥብቆ እየተናገረ ነው። ዝርግ ከሆነ ግን ከ0.7 ትንሽ ወዲያ ወዲህ ያሉት ቁጥሮችም ያው ናቸው፤ ዳታው አያውቅም። ሶፍትዌር «ስታንዳርድ ኤረር» ብሎ ከግምቱ አጠገብ የሚያወጣልሽ አምድ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ጉብጠት የመጣ ነው።

ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ራስሽ ሥሪው። ከዚያ 7 እና 10ን በሌላ ቁጥር ቀይሪና ድገሚው። ከዚያም ቁጥሮቹን ትተሽ በፊደል ሥሪው። ሦስተኛውን ስትጨርሺ አንድ ሙሉ የስታቲስቲክስ ምዕራፍ ገብቶሻል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ ላሳይሽ። ከ0 እስከ ቴታ ድረስ ሁሉም ቁጥር እኩል ዕድል አለው እንበል፤ ቴታን ግን አናውቀውም። 2.1፣ 3.4 እና 4.8 አገኘን። ላይክሊሁዱ 1/ቴታ³ ነው። ዴሪቬቲቩ −3/ቴታ⁴ ይሆናል። በይ ከ0 ጋር አስተካክዪው! አይሆንም፤ መቼም 0 አይመጣም። ምክንያቱም ኩርባው ሁልጊዜ ቁልቁል ነው፤ ቴታ ባነሰ ቁጥር ላይክሊሁዱ ይጨምራል። ሆኖም ቴታ ከ4.8 ማነስ አይችልም፤ 4.8ን በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ መልሱ ወሰኑ ላይ ነው፣ 4.8። «ዴሪቬቲቭ ውሰድ፣ ከ0 ጋር አስተካክል» ብሎ የሸመደደ ሰው እዚህ ይቆማል። ግራፉን የሣለ ግን ወዲያው ያየዋል። ይህችን ጥያቄ ፈታኞች በጣም ነው የሚወዷት።

የሶፍትዌሩን ነገር እዚሁ ልመልስልሽ። አዎ፣ ያሰላል። ግን ሞዴልሽን ስታስሮጪው አንድ ቀን «አልሰበሰበም» (ወደ አንድ መልስ አልተጠጋም) የሚል ማስጠንቀቂያ ያመጣብሻል፤ ወይም ስታንዳርድ ኤረሩ በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ይወጣል። ያኔ ፕሮግራሙ ጫፍ ሲፈልግ ዝርግ ሜዳ ላይ መጥፋቱን፣ ወይም ጫፉ ወደ ኢንፊኒቲ መሸሹን መጠርጠር የሚችለው ላይክሊሁድ ኩርባ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው። ሌላው ቁልፉን ደጋግሞ ከመጫን በቀር የሚያደርገው የለም። በእጅ መሥራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው እንጂ ከማሽኑ ጋር በፍጥነት ለመፎካከር አይደለም።

ወደ ኢንቴግራል እንሂድ። ስታቲስቲክስ ውስጥ ኢንቴግራል ባብዛኛው ሁለት ነገር ነው፦ ዕድል እና አማካይ። በተወሰነ ክልል ውስጥ የመውደቅ ዕድል በዴንሲቲው ኩርባ (ዕድሉ የት የት እንደተከማቸ በሚያሳየው ኩርባ) ሥር ያለው ስፋት ነው። አማካዩን ለማግኘት ደግሞ ኤክስን በዴንሲቲው አባዝተሽ ስፋቱን ትወስጃለሽ። በዚህ መካከል ግን አንድ ነገር ቀድሞ መጥራት አለበት፦ ዴንሲቲ ራሱ ዕድል አይደለም። ከ0 እስከ 0.5 ባለው ክልል ላይ እኩል የተዘረጋ ዴንሲቲ ቁመቱ 2 ነው። ዕድል ቢሆን ኖሮ 2 መሆን አይችልም ነበር። ዕድሉ ስፋቱ ነው፤ 0.5 × 2 = 1። «ከ1 በለጠብኝ፣ የት ተሳሳትኩ?» እያሉ ሌሊቱን የሚፈትሹ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። አልተሳሳቱም።

ካልኩለስ 2 ላይ ኢንቴግራል የመፍቻ ዘዴዎች ይደረደራሉ። ለአንቺ ሁለቱ ይበቁሻል፦ ሰብስቲትዩሽን እና ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስ። ወሰናቸው እስከ ኢንፊኒቲ የሚሄዱትን ኢንቴግራሎች ግን በደንብ አጥኚ፤ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደሉም፣ የዕለት እንጀራ ናቸው። የትሪጎኖሜትሪ ሰብስቲትዩሽንን ብዙ አትልፊበት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝነኛው የኖርማል ዲስትሪቢዩሽን (የደወል ቅርጽ ያለው የዕድል ስርጭት) ኩርባ ራሱ በየትኛውም ዘዴ አይፈታም። ኢ^(−ኤክስ²) ከተለመዱት ፈንክሽኖች የተሠራ አንቲዴሪቬቲቭ የለውም። ከመጽሐፎች ጀርባ የዜድ ሰንጠረዥ (በኖርማል ኩርባ ሥር ያሉ ስፋቶች ዝርዝር) የሚታተመው፣ ዛሬም ሶፍትዌር በቁጥር የሚያሰላው፣ ለዚህ ነው። የሚገርመው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ጠቅላላ ስፋት ግን ይታወቃል፤ የፓይ ስኩዌር ሩት ነው። ክብ ነገር በሌለበት ፓይ ከየት መጣ? ኩርባውን በራሱ አባዝተሽ ሁለት ቬርያብል ያለው ኮረብታ ስታደርጊው፣ ኮረብታው ዙሪያውን ክብ ነው። በፖላር ኮኦርዲኔት ስትሠሪው በጥቂት መስመር ያልቃል። ይህን ማረጋገጫ አንድ ጊዜ በእጅሽ ጻፊው፤ ካልኩለስ 3 ውስጥ ፖላር ኮኦርዲኔት ለምን እንደገባ ያኔ ይገለጥልሻል።

አሁን ደግሞ የካልኩለስ መምህራን የማያስተምሩት፣ የስታቲስቲክስ ሰዎች ግን ቀን ከሌት የሚጠቀሙበት ብልሃት አለ። ኤክስ³ × ኢ^(−2ኤክስ) የሚለውን ከ0 እስከ ኢንፊኒቲ ኢንቴግሬት አድርጊ ተባልሽ እንበል። በካልኩለስ 2 መንገድ ባይ ፓርትስን ሦስት ጊዜ ትደጋግሚያለሽ። ገጹ ይሞላል፣ አንዷ ምልክት ትጠፋለች፣ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። የስታቲስቲክስ ሰው ግን ቆም ብሎ ያየዋል። «ይህ ፊት የማውቀው ነው» ይላል። የጋማ ዲስትሪቢዩሽን ነው፤ ኩርባውን የሚወስኑት ሁለቱ ቁጥሮች ሼፑ 4፣ ሬቱ 2። የጋማ ዴንሲቲ ከፊቱ 2⁴/3! የሚባል ቁጥር አለው፤ ማለትም 16/6። ዴንሲቲ ስለሆነ ጠቅላላ ስፋቱ 1 ነው። እንግዲህ ያ ቁጥር ከሌለ ስፋቱ 6/16 ነው፣ 0.375። አለቀ። ምንም ኢንቴግሬት አላደረግንም።

ይህ ማጭበርበር አይደለም። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በሥርዓቱ ሠርቶ 1 መሆኑን አረጋግጦታል፤ እኛ ውጤቱን መልሰን እየተጠቀምንበት ነው። በቤዚያን ስታቲስቲክስ (ቀድሞ የነበረን ግምት በዳታ በሚያሻሽለው ዘርፍ) ማስተማሪያ ምዕራፎች ውስጥ ግማሹ ሥራ ይኸው ነው። ስለዚህ የኖርማል፣ የጋማ፣ የቤታ እና የኤክስፖኔንሺያል ዴንሲቲዎችን ቅርጽ በቃልሽ ያዢ። መሸምደድን ብዙም አልወድም፣ እዚህ ግን ይከፍላል።

ሲሪስ (ማብቂያ የሌለው ድምር) እና ሊሚት ላይ አጠር ልበል። ጂኦሜትሪክ ሲሪስ፣ የኢ^ኤክስ ሲሪስ እና ቴይለር (ፈንክሽንን በቀላል ቁራጮች ድምር መተካት)፤ ሦስቱን ያዢ። «ይህ ሲሪስ ይሰበሰባል ወይስ አይሰበሰብም?» የሚሉትን ደርዘን ፈተናዎች ለፈተናሽ ካልሆነ በቀር አትጨነቂባቸው። አንድ ሊሚት ግን ደጋግሞ ይመጣብሻል፦ (1 − 1/ኤን)^ኤን። ኤን ሲያድግ ወደ 0.368 ይጠጋል፣ ማለትም 1/ኢ። ኤን 100 ሲሆን እንኳ 0.366 ደርሷል። ከ100 ሰዎች ዳታ ላይ እየመለስሽ 100 ጊዜ በዕጣ ብታወጪ፣ አንድ የተወሰነ ሰው ጭራሽ ያለመውጣት ዕድሉ ይህ ነው። ቡትስትራፕ የሚባለውን፣ ከዳታው ራሱ እየመለሱ በዕጣ የማውጣት ዘዴ ስትማሪ ታገኚዋለሽ። ፖይሰን ዲስትሪቢዩሽንም (ብርቅ ክስተቶች የሚቆጠሩበት) ከባይኖሚያል (በተወሰኑ ሙከራዎች የተሳካው ብዛት ከሚቆጠርበት) የሚወለደው በዚሁ ሊሚት ነው።

ቴይለርን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዋ ቁራጭ ብቻዋን ብዙ ትሠራለች። ቅድም የፒ ግምት 0.7፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.145 ነበር። የሎግ ፒ ስታንዳርድ ኤረርስ ስንት ነው? የሎግ ዴሪቬቲቭ 1/ፒ ስለሆነ 0.145ን ለ0.7 አካፍዪ፤ 0.207 ገደማ። ዴልታ ሜተድ የሚባለው ዘዴ ከዚህ አይዘልም። ስሙ ነው የሚያስፈራው።

ኢንፊኒቲ ድረስ የሚሄድ ኢንቴግራል ሁልጊዜ መልስ እንደማይኖረውም ልብ በዪ። ኮሺ የሚባለው ዲስትሪቢዩሽን ሲያዩት ከኖርማል ጋር ይመሳሰላል፤ መሃሉ ጎበጥ፣ ጎንና ጎኑ ቀጠን ያለ። ጎኖቹ ግን ቶሎ አይሳሱም። አማካዩን ልታሰዪ ስትሞክሪ ኢንቴግራሉ አይሰበሰብም፤ አማካይ የለውም። የ1 ሚሊዮን ቁጥሮች አማካይ ብትወስጂም ከአንዷ ቁጥር የተሻለ መረጃ አይሰጥሽም። «ዳታ ሲበዛ አማካይ ይረጋጋል» የሚለው ሕግ ቅድመ ሁኔታ እንዳለው ያኔ ነው የሚገባው።

ካልኩለስ 3 ላይ ፓርሻል ዴሪቬቲቭ ቀላሉ ነው። ሌሎቹን ቬርያብሎች እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮ ያንኑ ዴሪቬቲቭ መውሰድ ነው። ሪግሬሽን (አንዱን መጠን ከሌላው መገመት) ላይ ሁለት ፓራሜትር፣ ማለትም ሁለት የሚገመት ቁጥር፣ ካለሽ ሁለት ፓርሻል ዴሪቬቲቭ ወስደሽ ሁለቱንም ከ0 ጋር ታስተካክያለሽ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዠንድር እ.ኤ.አ. በ1805 ያሳተመው የሊስት ስኩዌርስ ዘዴ (የስሕተቶች ስኩዌር ድምር ትንሹ የሚሆንበትን መፈለግ) ይኸው ነው። ጀርመናዊው ጋውስ በ1809 «እኔ ቀደም ብዬ ስሠራበት ነበር» ብሎ ሲጽፍ ሌዠንድር ክፉኛ ተቀይሞ ነበር። የሒሳብ ሰዎችም ይጣላሉ።

ከባዱ ድርብ ኢንቴግራል ነው። ከባድ የሚሆነው ደግሞ ስሌቱ ሳይሆን ወሰኑ ነው። ምሳሌ ልስጥሽ። ኤክስ እና ዋይ የሚባሉ ሁለት ቬርያብሎች አሉ፤ ሁለቱም በ0 እና በ1 መካከል ናቸው፤ ኤክስ ሁልጊዜ ከዋይ ያንሳል። ዴንሲቲያቸው በዚያ ክልል ላይ 2 ነው። የኤክስን ዴንሲቲ ብቻውን አውጪ ብትባዪ ዋይን ኢንቴግሬት አድርገሽ ታስወግጂዋለሽ። ከየት እስከ የት? ብዙ ሰው ሳያስብ «ከ0 እስከ 1» ይላል፤ 2 ያገኛል። እንግዲህ 2ን ከ0 እስከ 1 ብትወስጂው ጠቅላላ ስፋቱ 2 ይሆናል፤ ዴንሲቲ ሊሆን አይችልም። አንድ ነገር ተበላሽቷል። አሁን ክልሉን ሣዪው። ሦስት ማዕዘን ነው። ኤክስን አንድ ቦታ ላይ ስታቆሚው ዋይ መጀመር የሚችለው ከኤክስ ነው፣ የሚያበቃው 1 ላይ። ስለዚህ መልሱ 2(1 − ኤክስ) ነው፤ ስፋቱም 1 ይመጣል። ምክሬ አንድ ነው፦ ክልሉን ሳትሥዪ ድርብ ኢንቴግራል አትጀምሪ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ነው።

ጃኮቢያን የሚባለውንም ከዚሁ ምዕራፍ አትዝለዪ፤ ቬርያብል ስትቀይሪ ስፋቱ ምን ያህል እንደሚለጠጥ የሚነግርሽ እሱ ነው። ላግራንዥ መልቲፕላየር (ገደብ እያለ ጫፍ መፈለጊያ ዘዴ) ደግሞ ዕድሎች ተደምረው 1 መሆን አለባቸው በሚባልበት ቦታ ሁሉ ይመጣል። በአንጻሩ የግሪን እና የስቶክስ ቲዎረሞች፣ የሚሽከረከር ነገር መጠን መለካት፣ ውኃ የሚሞላ ታንከር ከፍታ በምን ፍጥነት ያድጋል የሚሉ ጥያቄዎች፤ እነዚህ ለፊዚክስና ለምህንድስና ሰው ናቸው። አክብረሽ እለፊያቸው። ኮርሱን በመደበኛነት ተመዝግበሽ የምትወስጂ ከሆነ ግን ፈተና ላይ ይመጣሉና ለማለፍ ያህል ታጠኛቸዋለሽ፤ ምርጫ የለም። ኤፕሲሎን እና ዴልታ የሚባለው ጥብቅ ማረጋገጫም ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ አይጠየቅም። ወደ ዶክትሬት ከገፋሽ ያኔ ሪል አናሊሲስ ብለሽ ትወስጂዋለሽ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፦ ሊኒየር አልጄብራ፣ የማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) ሒሳብ። ለካልኩለስ 3 ካቀድሽው ጊዜ ያላነሰ ለማትሪክስ መድቢ። ሪግሬሽን ፓራሜትሮቹ ከሁለት ሲበልጡ ፓርሻል ዴሪቬቲቮቹን አንድ በአንድ መጻፍ አይሞከርም፤ ሁሉም በማትሪክስ ነው የሚጻፈው። ካልኩለሱ በደንብ ገብቷቸው ማትሪክስ ላይ የሚንገዳገዱ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም።

አጠናኑን በተመለከተ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ቅዳሜን ሙሉ ከመቀመጥ ይሻላል። ቪዲዮ ማየት ጥሩ ነው፤ ካን አካዳሚ ላይ በነጻ የተሟላ ትምህርት አለ። ግን የሌላ ሰው እጅ ሲጽፍ ማየት ያታልላል። ሁሉም ግልጽ ይመስላል፤ ባዶ ወረቀት ሲቀርብ ነው ጉዱ የሚታየው። አስተማሪው መፍታት ሲጀምር ቪዲዮውን አቁሚና መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪ።

መልስሽን ደግሞ በሲሙሌሽን (ኮምፒውተር ላይ ዕጣ እያወጡ በመሞከር) አረጋግጪ። ለስታቲስቲክስ ተማሪ ይህ የመጽሐፉን የኋላ ገጽ ከማየት ይበልጣል። ለምሳሌ በ0 እና በ1 መካከል እኩል የተዘረጋ ቁጥር ወስደሽ ሎጉን በ−1 ብታባዢው፣ ውጤቱ አማካዩ 1 የሆነ ኤክስፖኔንሺያል ይሆናል። በእጅ አረጋግጪ፤ ውጤቱ ከ2 የመብለጡ ዕድል ዋናው ቁጥር ከኢ^(−2) የማነሱ ዕድል ነው፣ 0.135። ከዚያ በአር ወይም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ 100,000 ቁጥሮች አውጪ፣ ሎግ ውሰጂ፣ ምልክቱን ቀይሪ፣ ከ2 የበለጡትን ቁጠሪ። 13,500 አካባቢ ታገኛለሽ። ካላገኘሽ ወይ እጅሽ ወይ ኮድሽ ተሳስቷል፤ የቱ እንደሆነ መፈለጉ ራሱ ትምህርት ነው።

ስለ ጊዜው፣ ሥራ እየሠራሽ ከሆነ ሁለት ሴሚስተር ያህል አስቢ። በመጀመሪያው አልጄብራውን ከልሰሽ ካልኩለስ 1ን እና የ2ን ኢንቴግራል ጨርሺ፤ ጎን ለጎን የፕሮባቢሊቲን የመጀመሪያ ምዕራፎች፣ ቆጠራን እና የማይቀጥሉ (ዲስክሪት) ዲስትሪቢዩሽኖችን አንብቢ፤ እነዚያ ብዙ ካልኩለስ አይጠይቁም። በሁለተኛው ሲሪስን፣ ፓርሻል ዴሪቬቲቭን እና ድርብ ኢንቴግራልን ከማይቆራረጡ (ኮንቲኑየስ) ዲስትሪቢዩሽኖች ጋር አስኪጂ። ፕሮግራሙ ካልኩለስ 3ን ከገባሽ በኋላ እንድትወስጂ ይፈቅድ እንደሆነ ቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ። ከፈቀዱልሽ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨርሰሽ ማመልከት ትችያለሽ።